ዘይት ቀለም የፈሰሰበትን የጣውላ በረንዳ እንዴት እንዳዳንነው

የእናቴ ቤት በረንዳ ወለሉ የጥድ ጣውላ ነው። የድሮ ሥራ፣ ወፍራምና ሰፊ። ዛሬ እንዲህ ያለ ጣውላ ቢገኝ እንኳ ዋጋው አይቀመስም። ለፋሲካ የመስኮቱ ብረት ሲቀባ አረንጓዴው ዘይት ቀለም ከነቆርቆሮው በረንዳው ላይ ተገለበጠ። ሁላችንም ክው አልን።

ቀቢው ጨርቅ አንስቶ ሊጠርገው ሲል እናቴ “ተው ልጄ፣ አትነካካው!” አለችው። ልክ ነበረች። እርጥብ ቀለም በጨርቅ ሲጠረግ ወደ ጎን ይሰፋል፤ ሲጫኑት ደግሞ ጣውላው ውስጥ ይሰርጋል። ስለዚህ መጀመሪያ ዙሪያውን በሰጋቱራ አጠርነው፤ ከዚያ መሃሉን ሸፈንነው። ሰፈራችን እንጨት ቤት ስላለ ሰጋቱራ አይቸግርም። ሰጋቱራ የሌለው ሰው ጋዜጣ ደራርቦ፣ ሳይጫን፣ ላዩ ላይ ያንጥፍ።

ሰጋቱራው ቀለሙን ጠጥቶ ሲወፍር በስፓቱላ ሰብስበን ባልዲ ውስጥ ጨመርነው። ሁልጊዜ ከዳር ወደ መሃል። አኳራጅ፣ ማለትም ዘይት ቀለም ማቅጠኛው ፈሳሽ፣ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። አኳራጅን ጣውላ ላይ ማፍሰስ አይገባም፤ ቀለሙን አቅጥኖ ወደ ውስጥ ይሰደዋል። ጨርቅ ነከር አድርጎ መጫን፣ ማንሳት፣ በንጹህ ጨርቅ መቀየር። እንዲህ እያልን ቀጠልን። የቡናውን ከሰል አስቀድመን ወደ ጓሮ ወስደነዋል፤ አኳራጅ ከእሳት አጠገብ የሚያዝ ነገር አይደለም።

የውሃ ቀለም ቢሆን ኖሮ ነገሩ ቀላል ነበር። ሳይደርቅ ከተደረሰበት ውሃና ሳሙና ይበቃዋል። ከደረቀም አልኮል ያለሰልሰዋል።

ዋናው ፈተና ግን በኋላ መጣ። ቀለሙ በአበባ ቆርቆሮዎቹ ሥር ሾልኮ ገብቶ ኖሯል። ያየነው በዓሉ ካለፈ በኋላ ቆርቆሮዎቹን ስናነሳ ነው። ድርቅ ብሏል። አኳራጅ ብናሸው ምንም! ምክንያቱ ይሄ ነው፦ ዘይት ቀለም ሲደርቅ አኳራጁ ተንኖ ብቻ አይቀርም። ዘይቱ ከአየር ኦክስጅን ይወስድና እርስ በርሱ ይተሳሰራል። አንዴ ከተሳሰረ በአኳራጅ አይሟሟም።

ምክር ከየአቅጣጫው ዘነበ። አንዱ ቤንዚን አለ። በፍጹም! ትነቱ ሳይታይ ይሄድና ራቅ ካለ ክብሪት እሳት ይዞ ይመለሳል። ሌላው በረኪና አለ። በረኪና እንጨቱን ያነጣዋል እንጂ ቀለሙን አያነሳውም። የብረት ብሩሽ ያለም ነበር። የብረቱ ብናኝ ጣውላው ውስጥ ይቀርና ክረምት ሲገባ ጥቁር ነጠብጣብ ይሆናል።

መላ ያመጡት የሰፈራችን አናጢ ናቸው። “ልጄ፣ የመስታወት ስባሪ አለህ?” አሉኝ። የተሰበረ የመስኮት መስታወት ሰጠኋቸው። በወፍራም ጨርቅ ያዙት፣ ቀጥ አድርገው ጣውላው ላይ አቆሙት፣ ከዚያ ጅማቱን ተከትለው ወደ ራሳቸው ሳቡት። አረንጓዴው ቀለም እንደ ሽንኩርት ልጣጭ እየተጠቀለለ ተነሳ። ከሥሩ ቀላ ያለው ጥድ ብቅ አለ፣ ሽታውም አብሮ። “ጋሼ፣ እኔም ልሞክር” አልኩና ወፍራም ጓንት አጥልቄ ቀጠልኩ። ሚስጥሩ አለመጫን ነው። ስለቱ ራሱ ይሠራል። ሲደነዝዝ ሌላ ስባሪ።

ይህን ዘዴ የወደድኩበት ሌላም ምክንያት አለ። የቀለሙ ቆርቆሮ ከድሮ የተረፈ ነው፤ መቼ እንደተገዛ የሚያውቅ የለም። በአገራችን እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው ደንብ በቀለም ውስጥ ያለው እርሳስ የተባለው መርዛማ ብረት ከ90 ፒፒኤም፣ ማለትም ከሚሊዮን 90 እጅ፣ እንዳይበልጥ ይከለክላል። ከዚያ በፊት የተመረተ ቀለም ግን ብዙ እርሳስ ሊኖረው ይችላል፤ የእርሳስ አቧራ ደግሞ በተለይ የሕፃናትን አእምሮ ይጎዳል። መፋቅ የሚያወጣው ልጣጭ ስለሆነ ተሰብስቦ ይጣላል። ደረቅ ቀለምን በብርጭቆ ወረቀት መፈግፈግ ግን አቧራውን ቤት ሙሉ ይበትነዋል። ልጆቹን አጎቴ ጋ ላክናቸው፣ ማስክ አደረግን፣ ፍቅፋቂውንም በእርጥብ ጨርቅ ለቀምነው።

ብርጭቆ ወረቀት የያዝነው ቀለሙ ጨርሶ ከለቀቀ በኋላ ነው፤ መጀመሪያ ሻካራውን 80 ቁጥር፣ ቀጥሎ ለስለስ ያለውን 120። እዚህ ላይ አናጢው አንድ ነገር አጥብቀው አሳሰቡኝ፦ ቀለም የነካውን ቦታ ብቻ አትፈግፍግ፣ ጣውላውን ከመገጣጠሚያ እስከ መገጣጠሚያ ሙሉውን ሥራው። እውነት ነው። ቦታው ብቻ ከተፈገፈገ ነጣ ያለ ጉድፍ ሆኖ ሁልጊዜ ዓይን ውስጥ ይገባል። ሙሉ ጣውላ ከሆነ ግን ቨርኒሽ ሲቀባ ከጎረቤቶቹ ጋር ይመሳሰላል። ልፋቱ ቢበዛም ከሁሉም ምክር እኔ የምይዘው ይሄንን ነው። በጣውላዎቹ መሃል የገባውን ቀለም በቀጭን ቢላ ጫፍ አወጣነው፤ አሰልቺው ሥራ ይሄ ነበር።

ጨርቆቹን በተመለከተ፦ ዘይት ቀለም የነካ ጨርቅ ተጨማድዶ ከተከመረ ሲደርቅ ይሞቃል፤ ሙቀቱ መውጫ ካጣ ራሱ ሊቀጣጠል ይችላል። አንድ በአንድ ዘርግታችሁ ደጅ አድርቋቸው። የተረፈውን ቆሻሻ አኳራጅም ቦይ ውስጥ አትድፉት። በጠርሙስ ከድናችሁ አሳድሩት። ቀለሙ ሲዘቅጥ ላዩ ጠርቶ ይገኛል፤ ቀስ ብላችሁ ቅዱትና ለሚቀጥለው የፔኔሎ (የቀለም ብሩሽ) እጥበት አስቀምጡት።