ሌሊቱን የጠፋው 10 ሊትር ናፍጣ

ከጅቡቲ ወደብ ሞጆ ደረቅ ወደብ ዕቃ በሚያመላልስ የትራንስፖርት ድርጅት ውስጥ ስምሪት ክፍል ነው የምሠራው። ከሦስት ዓመት በፊት መኪኖቻችን ላይ ሴንሰር ይገጠም የሚለውን ሐሳብ ያመጣሁት እኔ ነኝ። እንዴት እንደሠራነው ልንገራችሁ። የተሳሳትኩበትንም ሳልደብቅ እነግራችኋለሁ፤ ምክንያቱም በእኔ ስህተት አንድ ንጹሕ ሰው በሌብነት ተጠርጥሯል።

መስመሩን ለማታውቁት፣ በድንበሯ ከተማ በጋላፊ በኩል ከአዲስ አበባ ጅቡቲ ወደ 900 ኪሎ ሜትር ነው። ከደጋው ወርዶ በአዋሽ፣ በገዋኔ፣ በሚሌና በሎግያ አድርጎ የአፋርን በረሃ ያቋርጣል። ትልቁ ወጪያችን ናፍጣ ስለሆነ ከናፍጣው ጀመርን።

በየመኪናው ሁለት ነገር ገጠምን። አንዱ ሲም ካርድ ያለው ትንሽ የጂፒኤስ ሳጥን ነው። ሌላው ከላይ ወደ ነዳጅ ታንኩ የሚገባ ረጅም ዘንግ ነው። ዘንጉ የናፍጣውን ከፍታ እንጂ ሊትሩን አያውቅም። ይህ ከፍታ ይህን ያህል ሊትር ነው የሚለውን ሠንጠረዥ የምንሰጠው እኛ ነን። ለዚያ ደግሞ ታንኩን ባዶ አድርጎ፣ 20 ሊትር በ20 ሊትር እየሞሉ ንባቡን መጻፍ ያስፈልጋል። እኛ አንድ መኪና ላይ ሠራንና ለተመሳሳዮቹ ሁሉ ገለበጥነው። ታንክ ግን ይጋጫል፣ ይበየዳል፣ በሌላ ይቀየራል። በኋላ ቅዳሜና እሑድ እየገባን ሁሉንም እንደ አዲስ ለካን። አቋራጭ የለውም።

ነገሩ የተበላሸው ታኅሣሥ ውስጥ ነው። ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው አንጋፋ ሹፌር ሎግያ ላይ ታንካቸውን ሞሉ። ሚሌ ኬላ ፀሐይ ላይ ተራ ሲጠብቁ ዋሉና እዚያው አደሩ። ጠዋት ሞተር ሲያስነሱ የእኔ ስክሪን ቀይ አበራ። 10 ሊትር ጎድሏል ይላል። ሲስተሙ የሚያወዳድረው ሞተሩ ሲጠፋ የነበረውንና ሲነሳ የተገኘውን ብቻ ነበር። እኔም ያየሁትን ሪፖርት አደረግኩ። ከአበላቸው እንዲቆረጥ ተወሰነ።

አዲስ አበባ እንደገቡ ቢሮዬ መጡ። ይቆጣሉ ብዬ ነበር፤ አልተቆጡም። ወንበር ስበው ተቀመጡና «ልጄ፣ ናፍጣ ሲሞቅ እንደሚያብጥ፣ ሲበርድ እንደሚሟሽሽ ታውቃለህ?» አሉኝ።

አላውቅም ነበር። የዚያን ዕለት አምሽቼ ዳታውን እንደገና ከፈትኩት። ዘንጉ ለካ የናፍጣውን ሙቀትም ይልክ ነበር፤ ማናችንም ያላየነው አንድ ዓምድ ነው። ማታ 43 ዲግሪ፣ ንጋት ላይ 22 ዲግሪ። 1,000 ሊትር ናፍጣ ሙቀቱ በአንድ ዲግሪ ሲለወጥ 0.8 ሊትር ገደማ ይጨምራል ወይም ይቀንሳል። ታንኩ ውስጥ የነበረው 580 ሊትር ነው። በ21 ዲግሪ አሰላሁት፤ ወደ 10 ሊትር መጣ። ደግሜ አሰላሁት፤ ያው ነው። ስክሪኑ ላይ የናፍጣውን መጠን የሚያሳየው መስመር ቅርጽ ራሱ ይመሰክር ነበር። ናፍጣ ከታንኩ ሲቀዳ መስመሩ በደቂቃዎች ውስጥ ቁልቁል ይወርዳል። የእሳቸው ግን ሌሊቱን ሙሉ ቀስ እያለ ነው የወረደው።

ገንዘቡ ተመለሰላቸው። ይቅርታ የጠየቅኳቸው በሹፌሮቹ ሁሉ ፊት ነው፤ ስማቸው የጠፋውም እዚያው ነውና።

ሰው ሠራሽ አስተውሎት የገባው ከዚህ በኋላ ነው። ለሦስት ወር ደወል በጮኸ ቁጥር ሹፌሩ ጋ እየደወልኩ ምን እንደተፈጠረ ጠየቅኩ። ሙቀት ነው? መኪናው ተዳፋት ላይ ቆሞ ነው? ቱቦ ያንጠባጥባል? ወይስ በእርግጥ ተቀድቷል? መልሳቸውን ከሴንሰሩ ንባብ ጎን ጻፍኩት። ሞዴሉን፣ ማለትም ከምሳሌ ተምሮ የሚገምተውን ፕሮግራም፣ ያሠለጠንነው በዚያ ነው። ብዙ ትንንሽ የውሳኔ ዛፎችን (ተራ በተራ እየጠየቁ ወደ መልስ የሚያደርሱ የጥያቄ ሰንሰለቶችን) ደምሮ የሚፈርድ፣ ተራ ላፕቶፕ ላይ የሚሠራ ሞዴል ነው። ዋጋ የሰጠው የሹፌሮቹ መልስ ነው። ይህን ከልቤ ነው የምለው። ያለ እነሱ ስልኩን ሳናነሳ ሰው እየከሰስን እንቀጥል ነበር። አሁን ሹፌሩ ሳይጠየቅ ሰባራ ሳንቲም አይቆረጥም።

ቀጥለን መኪናው ሞጆ መቼ እንደሚደርስ እንዲገምት ሞከርን፤ አውራጆቹ ቀኑን ሙሉ ያለ ሥራ እንዳይቀመጡ ነው። እዚህ ያሰቃየን ሰዓት ነው። ሳጥኑ የሚልከው በዓለም አቀፉ አቆጣጠር ነው፤ ከእኛ በ3 ሰዓት ወደኋላ ይላል። ሹፌሩ ደብተሩ ላይ «8 ሰዓት ተጫነ» ብሎ ይጽፋል፤ ከቀኑ 8 ሰዓት ማለቱ ነው። ጸሐፊዋም እንዳለ 8:00 ብላ ታስገባዋለች። ለኮምፒውተሩ ደግሞ ይህ ጠዋት 2 ሰዓት ነው። ስለዚህ ሞዴሉ የሌለ የ6 ሰዓት መዘግየት ተምሮ ቁጭ አለ። እስክንደርስበት ሁለት ወር ፈጀብን። አሁን ቅጹ ላይ «ከጠዋቱ፣ ከቀኑ፣ ከምሽቱ፣ ከሌሊቱ» የሚል ምርጫ አለ።

ኔትወርክም አለ። የእኛ ሲም ካርዶች ጅቡቲ ውስጥ አይሠሩም። ሳጥኑ ያጠራቀመውን ጋላፊን ተሻግሮ ሲመለስ ባንዴ ይለቀዋል። መጀመሪያ ላይ ሲስተሙ ይመዘግብ የነበረው መረጃው የደረሰበትን ሰዓት ነው፤ የተለካበትን እንዲመዘግብ አስተካከልነው። ሳጥን የምትገዙ ከሆነ ይህን አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ሌላው ሹፌሮቹ የነገሩን ነው። ጅቡቲ ዓርብ የዕረፍት ቀን ነው። በሮመዳን ደግሞ የመንገዱም የቢሮውም ውሎ ይለወጣል፤ ጾሙም በየዓመቱ 11 ቀን ገደማ ቀደም ብሎ ይገባል። ወርን ብቻ የሚያይ ሞዴል ይህን ሊያውቅ አይችልም። የሮመዳንን ቀናት ለብቻ ስንሰጠው ግምቱ ተስተካከለ።

በቅርቡ የጎማ ንፋስና ሙቀት የሚለኩ ሴንሰሮችን መሞከር ጀምረናል። ለሁሉም ጎማ የሚበቃ ገንዘብ የለንም። የትኛው ላይ እንደምንጀምር ሳወጣ ሳወርድ ሰነበትኩና ጋሼ ጋ ደወልኩ።

«ከኋላ ጥንዶቹ የውስጠኛው ላይ ግጠም» አሉኝ። «የውጪውን እኔ በዓይኔ አየዋለሁ። የውስጠኛው ንፋሱ ሲጎድል ሳይታይ ይግላል። እሳት የሚያስነሳው እሱ ነው።»

ባለፈው ሳምንት በእሳቸው መኪና ጀመርን። ዘጠኝ ሰዓት ላይ አዋሽን አልፈው ደውለው ነበር። የቀኙ የውስጥ ጎማ ከግራው ይልቅ ሞቅ ብሏል፣ አንተም ጋ ይታያል ወይ ብለው ሊጠይቁኝ ነው። ይታይ ነበር።