መሸጥ የማይሆንለት ሻጭ ያመጣው ሱቅ

በስሙ የሚጠሩትን የአሜሪካ የርካሽ ዕቃ ሱቆች ያቋቋመው ፍራንክ ዉልዎርዝ ለሻጭነት የተፈጠረ ሰው አልነበረም። በኒውዮርክ ግዛት ዋተርታውን ከተማ በጨርቃ ጨርቅ ሱቆች ሲቀጠር ደንበኛ ማግባባት አይሆንለትም፤ አንዱ አሠሪ እንዲያውም የሳምንት ደመወዙን ከ10 ዶላር ወደ 8 አውርዶበታል። የሚያውቅበት ዕቃ መደርደርና መስኮት ማሳመር ነበር።

በዚያ ዘመን ዕቃው ያለው ከባንኮኒው ጀርባ ነው፤ ዋጋም ብዙ ጊዜ አይለጠፍም። ገዢው ይጠይቃል፣ ሻጩ ከመደርደሪያ ያወርዳል፣ ያሳያል፣ ያግባባል። ገበያው ያለው በሻጩ አንደበት ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1878 ግን አሠሪዎቹ ርካሽ ዕቃ አንድ ጠረጴዛ ላይ አስደርድረው ማንኛውም 5 ሳንቲም ብለው ለጠፉበት። ጠረጴዛውን ያሰናዳው ዉልዎርዝ ነበር። ዕቃው ያለማንም ልፍለፋ ተሸጦ አለቀ።

በዓመቱ ከአሠሪው ወደ 300 ዶላር የሚሆን ዕቃ በዱቤ ወስዶ ዩቲካ ላይ የራሱን ሱቅ ከፈተ። ሱቁ ጥቂት ወራት እንኳ በቅጡ ሳይቆይ ተዘጋ። ቦታው ከዋናው መንገድ ገባ ያለ ነበር፤ በ5 ሳንቲም ንግድ ደግሞ ይህ ምሕረት የለውም። እስቲ እናስላው፦ በ3 ሳንቲም ተኩል የተገዛ ዕቃ በ5 ሲሸጥ የሚተርፈው አንድ ሳንቲም ተኩል ነው። በሳምንት 2 ዶላር ለሚከፈላት አንዲት ሻጭ ብቻ 134 ዕቃ መሸጥ አለበት፤ የቤት ኪራዩና መብራቱ ገና አልተነካም። እግረኛ የማይበዛበት መንገድ ላይ ይህ አይሞላም። በዚያው ዓመት ሰኔ ላንካስተር፣ ፔንስልቬንያ ላይ ያንኑ ሐሳብ ይዞ ሲከፍት ግን ሰመረለት። ቀጥሎም ባለ10 ሳንቲም ዕቃ ጨመረበት።

እ.ኤ.አ. በ1997 አሜሪካ ውስጥ የቀሩት ሱቆቹ ሲዘጉ ብዙ ሰው የናፈቀው አደራደሩን ነው። ዕቃው ባንኮኒው ላይ ተዘርግቶ በመስታወት እየተከፋፈለ ይቀመጣል፦ እዚህ ቁልፍ፣ እዚያ መርፌና ክር፣ ወዲያ ማበጠሪያ። ልጅ ሳይቀር በእጁ አንስቶ ያያል። ሻጯ መሐል ቆማ ገንዘብ ትቀበላለች፣ ትጠቀልላለች። ዘዴ የሚጠይቀው ከረሜላ ነበር፤ የሚሸጠው በሚዛን ነውና። ሥራውን የምታውቅ ሻጭ መጀመሪያ አሳንሳ ታደርግና ሚዛኑ እስኪደርስ ጥቂት ጥቂት ትጨምራለች። አብዝታ አድርጋ ብትቀንስ፣ ክብደቱ ያው ሆኖ ሳለ ገዢው የተነጠቀ ይመስለዋል።

ከዚህ ውጭ አንደበትም ሆነ የረዥም ጊዜ ልምድ አያስፈልግም። የርካሽነቱ ምስጢር ግማሹ እዚህ ላይ ነው፣ ናፍቆት የሚዘለውም ይህንኑ ነው። ዕቃው ራሱን የሚሸጥ ከሆነ ሻጯን በሌላ መተካት ቀላል ነው፤ ስለዚህ የሚቀጠሩት ወጣት ሴቶች ነበሩ፣ ክፍያቸውም አነስተኛ። ዉልዎርዝ ራሱ ርካሽ ጉልበት ከሌለ ርካሽ ዕቃ እንደማይኖር ያምን ነበር።

ሒሳቡ የተወራረደው ዲትሮይት ላይ ነው። እ.ኤ.አ. የካቲት 27 ቀን 1937፣ ቅዳሜ ገበያ ደርቶ ሳለ፣ መሐል ከተማ ባለው ቅርንጫፍ ፊሽካ ተነፋ፤ ከመቶ የሚበልጡ ሴቶች ሥራቸውን አቁመው እዚያው ሱቁ ውስጥ ተቀመጡ። ቀኑም ስፍራውም ታስቦበት የተመረጠ ነው። ወጥተው በር ላይ ቢሰለፉ ባለቤቶቹ በማግሥቱ ሌሎች ልጃገረዶች ባንኮኒው ጋ ማቆም ይችሉ ነበር። ውስጥ ሆነው ግን ባንኮኒው፣ ዕቃውና ምግብ ቤቱ በእጃቸው ነው፤ ፖሊስ በኃይል ላውጣ ቢል ደግሞ በአገር ጋዜጦች ፊት ወጣት ሴቶችን መጎተት ሊሆንበት ነው። ፍራሽ ገባላቸው፣ ምግብ ተከፋፈሉ፣ ወለሉ ላይ አደሩ። የዉልዎርዝ የልጅ ልጅ የሆነችውን የባርባራ ሃተንን ሀብትም በዘፈን እያነሱ ይተርቡ ነበር።

በሳምንት ውስጥ ኩባንያው ተስማማ። በሰዓት 5 ሳንቲም ተጨመረላቸው፤ ከ48 ሰዓት በላይ ለሠሩት ክፍያው አንድ ጊዜ ተኩል ሆነ፤ እስከዚያ ከኪሳቸው ያሳጥቡት የነበረውን የሥራ ልብስም ኩባንያው ሊያሳጥብ ፈረመ።