ቤት በቢያጆ ሲፈርስ

እኔ በተቆጣጣሪ መሐንዲስነት በሠራሁባቸው ቦታዎች የማፍረስ ሥራ የሚከፈለው በቢያጆ ነበር። ገልባጩ ስንቴ ተመላለሰ ተብሎ ይቆጠራል፣ ይባዛል፣ ይከፈላል። ኮንትራክተሩ ቤቱን ቶሎ ፍርስራሽ ቢያደርገው ያዋጣዋል፤ አንድ ደህና ሳንቃ ለይቶ ቢያስቀምጥ ግን የሚያገኘው ሳንቲም የለም። የዚህ ውል ጣጣ ቁልጭ ብሎ የታየኝ ጎንደር ላይ፣ ከፒያሳ ወረድ ብሎ ለዓመታት ሰው ያልኖረበትን ፎቅ ቤት ለማንሳት ስንገባ ነው።

ምድር ቤቱ በኖራ የተገነባ ድንጋይ፣ ላይኛው የጽድ እንጨትና ጭቃ ነው። እስካቫተሩ ጠባቡን መንገድ እንደምንም አልፎ ገባና ጥጉን ገና አንዴ ሲገፋው የጎረቤት ግድግዳ ከላይ እስከ ታች ተሰነጠቀ። ግቢው ያሰጡት በርበሬም አቧራ ለበሰ። የግቢው እናት ወጥተው፣ «ልጄ፣ ለእናንተ ባዶ ቤት ነው፤ እኔ ግን ከነልጆቼ እዚሁ ነኝ» አሉኝ። እውነታቸውን ነበር። ሥራውን በዚያው አስቆምሁት።

ቀሪውን በእጅ ለመጨረስ አንድ አንጋፋ አናጺ ፈለግን።

«ጋሼ፣ ከየት ቢጀመር ይሻላል?» አልኋቸው።

«ሲሠራ መጨረሻ ከገባው ነዋ፣ ልጄ።»

በርና መስኮቱ ከነመቃኑ ወጣ። ቀጥሎ ቆርቆሮው ሚስማሩ በጉጠት እየተነቀለ ወረደ፤ ከዚያ ማገሩ፣ ወራጁ፣ የወለሉ ሳንቃ። ጭቃው ሲነሳ አቧራው እንዳይቦን ቀድሞ ውኃ ይረጫል። ጽዱ ከአፈር የተገናኘበት ጫፍ ብቻ በስብሶ፣ የቀረው እንደተተከለ ነበር።

እኔን ያስደነቀኝ ግን የድንጋዩ ነገር ነው። ኖራ ከድንጋዩ ይለሰልሳል፤ በመሮ ነካ ሲደረግ ይረግፍና ድንጋዩ ደህና ሆኖ ይወጣል። አንደኛው ጥግ በኋላ ዘመን በሲሚንቶ ተጠግኖ ነበርና እዚያ ስንደርስ ሥራው ተበላሸ፤ ሲሚንቶው አልለቅ ብሎ ድንጋዩ ራሱ ይሰነጠቃል። የፋሲል ግንብም በድንጋይና በኖራ የቆመ ነው፤ ጣሊያን በሲሚንቶ ያደረገው ጥገና ስለጎዳው ኋላ በኖራ መታረም ነበረበት። እኛ ዛሬ የምንገነባው ሁሉ በሲሚንቶ መሆኑን ሳስብ፣ ነገ የሚያፈርሱት ሰዎች ምን ይተርፋቸው ይሆን እላለሁ።

የዳነ ድንጋይ ዋጋው በብር ብቻ አይለካም። ክሊንከር፣ ማለትም ተፈጭቶ ሲሚንቶ የሚሆነው ድንጋይ መሰል ነገር፣ የሚጋገረው ወደ 1450 ዲግሪ ሴልሺየስ በሚጠጋ ሙቀት ነው፤ የሰው ልጅ ከሚለቀው ካርቦን ዳይኦክሳይድም ከ7 እስከ 8 በመቶ የሚሆነው ከሲሚንቶ ምርት ይመጣል። ድንጋዩ ተመልሶ ግድግዳ ከሆነ ያን ያህል አዲስ ብሎኬት አይመረትም፣ ገልባጩም ወንዝ ዳር የሚደፋው ይቀንሳል። የመጠጥ ውኃ የምናገኝበት የአንገረብ ግድባችን በደለል የተቸገረባት ከተማ ይህን ልትንቀው አይገባም።

አሜሪካ ውስጥ የኦሪገኗ ፖርትላንድ እ.ኤ.አ. በ2016 በ1916 ወይም ከዚያ በፊት የተሠሩ መኖሪያ ቤቶች ሲነሱ በማሽን ከመደርመስ ይልቅ እየተፈቱ እንዲወርዱ ደነገገች፤ ኋላም ገደቡን እስከ 1940 ለተሠሩት አሰፋችው። እዚያ የሚድነው በብዛት እንጨት ነው። እዚህ ድንጋዩም አለን፣ እጅም አለን።

በእጅ መፍታት ጊዜ ይወስዳል፣ የቀን ሠራተኛ ክፍያውም ይበዛል። ያን ወጪ ግን የአካባቢው ሰው በደመወዝ ያገኘዋል፤ በማሽኑ ጊዜ ነዳጅ ሆኖ ይቃጠል ነበር። ስለዚህ ቀጣዩን ውል ስናዘጋጅ በቢያጆ መክፈሉን እንድንተው ተከራከርሁ። ከማፍረሱ በፊት የሚድነው ዕቃ በዝርዝር ይመዘገባል፤ ክፍያውም ተለቅሞና ተደርድሮ በተረከብነው ልክ ይሆናል። ተቀባይነት አገኘ።

ማስቀመጫ ቦታ ግን እስካሁን አልተገኘም። ድንጋዩ ዝናብ አይፈራም። ሳንቃውና ወራጁ በሸራ ተሸፍኖ መሬት ላይ ተከምሯል፤ ክረምት ከመግባቱ በፊት ጣሪያ ያለው መጋዘንና ከመሬት ከፍ ያለ መደርደሪያ ካላገኘንለት ምስጥ ይጨርሰዋል። በየቢሮው እየዞርሁ የምለምነውም ይህንኑ ነው።