ድስት ውስጥ የሚገባው ኪሎ

ሽንኩርት ጎን ለጎን ተቆልሎ አንዱ በ60 ብር፣ ሌላው በ70 ብር ሲሸጥ አብዛኛው ሸማች ወደ 60ው ያዘነብላል። የ60 ብሩ እርጥብ ነው፤ አንገቱ ወፍራም፣ ቆዳው ገና ያልጠበቀ። ልጣጩ፣ አንገቱና ውስጡ የጠቆረው ሲወጣ ከ1 ኪሎው 750 ግራም ቢተርፍ፣ 60ን ለ0.75 ስናካፍል 80 ብር ይመጣል። የ70 ብሩ ደረቅ ሽንኩርት 900 ግራም ቢተርፈው 78 ብር ገደማ ነው። ርካሽ ተብሎ የተገዛው በ2 ብር ተወደደ ማለት ነው፤ ያውም በሦስተኛው ቀን የሚበሰብሰው ሳይቆጠር። (እዚህ ያሉት ዋጋዎች ሁሉ ለስሌት እንዲመቹ የተወሰዱ ናቸው፤ የሰፈራችሁን ዋጋ አስገብታችሁ አስሉት።)

የአዲስ አበባ አስቤዛ ለምን እንደከበደ ብዙ ተብሏል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። አብዛኛው የምግብ ዘይት ከውጭ ስለሚገባ ጭማሪው በቀጥታ ይነካዋል። ሽንኩርትና ጤፍም አገር ውስጥ ቢመረቱም፣ በናፍጣ ተጭነው ነው የሚመጡት፤ የሚበቅሉትም ከውጭ በሚገዛ ማዳበሪያ ነው። ይህን አንድ ቤተሰብ ሊለውጠው አይችልም። በቤተሰብ እጅ ያለው ከተከፈለው ብር ውስጥ ስንቱ ድስት ውስጥ እንደሚገባ መቆጣጠር ነው፤ እዚያ ላይ የሚባክነው ደግሞ ሰው ከሚገምተው እጅግ ይበልጣል።

ሽንኩርት ላይ ትንሽ እንቆይ፤ ከአትክልት ወጪ ትልቁን ድርሻ የሚወስደው እሱ ነው። ስትገዙ አንገቱን በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ጫን አድርጋችሁ ያዙት። የደረቀ ሽንኩርት አንገቱ ቀጭንና ጥብቅ ነው፤ ቆዳው ሲነካ ይንኮሻኮሻል። አንገቱ ለስለስ ብሎ ወደ ውስጥ ከገባ ውኃውን አልጨረሰም፤ ብስባሴው ከዚያው ከአንገቱ ይጀምርና ወደ ታች ይወርዳል፣ ከውጭ ሲታይ ግን ደህና ይመስላል። ቆዳው ሥር ጥቀርሻ የመሰለ ጥቁር ብናኝ ካለ ሻጋታ ነውና ተዉት። ቤት ሲደርስ ከፌስታል አውጡት። ፌስታል ውስጥ ታስሮ የሚያድር ሽንኩርት ያልበዋል፤ ያላበው አንዱ ደግሞ ሁሉንም ያበላሻል። ሰፌድ ላይ ወይም ቀዳዳ ባለው ቅርጫት፣ ነፋስ በሚያገኘው ቦታ ይዘርጋ። ከድንች ጋር አንድ ላይ አታስቀምጡት፤ ድንች እርጥበት ያወጣል፣ ሁለቱም ቶሎ ያቆጠቁጣሉ።

ወቅቱንም ማወቅ ያስፈልጋል። ወደ ከተማው የሚገባው ሽንኩርት አብዛኛው በበጋ መስኖ የሚለማ ነው፤ መቂና ባቱ አካባቢ፣ አዋሽ ሸለቆ፣ ፎገራ። በበጋው ማብቂያ ላይ ምርቱ ሲበዛ ዋጋው ይረግባል። ክረምቱ ሲገባ ማሳ ላይ ያለው በእርጥበት ይታመማል፣ የተነሣውም በደንብ አይደርቅም፣ መንገዱም ይከፋል፤ እስከ መስከረምና ጥቅምት ድረስ ዋጋው የሚሰቀለው ለዚህ ነው። ስለዚህ በክረምት እርጥብ ሽንኩርት አከማችቶ ማስቀመጥ ኪሳራ ነው፤ የ3 ወይም የ4 ቀን ብቻ ግዙ። በግንቦት የተገኘ በደንብ የደረቀ ሽንኩርት ግን ሳምንታትን ይቆያል፤ ያኔ 10 ኪሎ መግዛት ያዋጣል።

ማቀዝቀዣ ላለው ቤት ደግሞ የሳምንቱን ቁሌት አንድ ጊዜ ሠርቶ መጨረስ ብዙ ያድናል። 3 ኪሎ ሽንኩርት ደቅቆ ይከተፍና ያለ ዘይት፣ በመጠነኛ እሳት፣ ውኃውን እስኪጨርስ ይቁላላ። ዘይቱ የሚገባው ከዚያ በኋላ ነው፤ አንድ ኩባያ ተኩል ገደማ ይበቃዋል። ዘይቱ ከመጀመሪያው ሲገባ ሽንኩርቱ ውኃውን ሳይጨርስ በዘይት ይቀቀላል፣ አብሳዩም «ዘይት አነሰው» እያለ ይጨምራል። በአንድ ወጥ ላይ የምትባክነው ጭልፋ ዘይት ወሩን ሙሉ ስትደመር ሊትር ትሞላለች። ቁሌቱ ሲቀዘቅዝ ለአንድ ጊዜ ወጥ በሚበቃ መጠን በትንንሽ ዕቃ ይከፈል። በማቀዝቀዣው 4 ቀን፣ በበረዶ ቤቱ አንድ ወር ይቆያል። መብራት ለረጅም ሰዓት ጠፍቶ ከቀለጠ ግን መልሶ ማቀዝቀዝ አይገባም፤ በዚያው ቀን ወጥ ይሁን። በትንንሽ ዕቃ መከፈሉ የሚጠቅመው እዚህ ጋ ነው፤ የቀለጠውን ብቻ አውጥቶ መጠቀም ይቻላል።

ጤፍ ላይ ስሌቱ ሌላ መልክ አለው። ጤፍ ከፍሬው ማነስ የተነሣ ነቀዝ እምብዛም አይደፍረውም፤ ደረቅ ቦታ፣ ከመሬት ከፍ ባለ ርብራብ ላይ፣ ከግድግዳ ራቅ ብሎ ከተቀመጠ ዓመት ቢያልፈውም አይበላሽም። አዲሱ ምርት በገበያ በሚበዛበት ከታኅሣሥ እስከ የካቲት መግዛት የሚመከረው ለዚህ ነው። ችግሩ የአንድ ኩንታል ገንዘብ በአንዴ ማውጣት ነው። አራት ቤት ተቧድኖ 25፣ 25 ኪሎ መካፈል ይቻላል፣ ብዙ ጎረቤቶችም ያደርጉታል። የሚጣሉት ሲካፈሉ ነው፦ የጆንያው ሥር የደረሰው ሰው አፈሩና ብናኙ ይበዛበታል። ኩንታሉ መጀመሪያ ተበጥሮና ተነፍቶ፣ የተጣራው ተመዝኖ ይከፈል፤ የወጣው ግርድም ይመዘን። ከ100 ኪሎ 4 ኪሎ ከወጣ ጉዳቱ ለአራቱም 1፣ 1 ኪሎ ይሆናል፤ በሚቀጥለው ዓመትም ያን ነጋዴ በምን ዋጋ እንደምትደራደሩት ታውቃላችሁ።

ከመግዛታችሁ በፊት ከጆንያው አፍ ሳይሆን እጃችሁን ወደ መሐሉ አስገብታችሁ አንድ እፍኝ አውጡ። በነጭ ወረቀት ላይ በትኑት። ከዚያም በሳህን ውኃ ውስጥ አዙራችሁ ቀስ አድርጋችሁ ድፉት፤ ገለባው ቀድሞ ተንሳፍፎ ይሄዳል፣ ጤፉ ይከተላል፣ አሸዋው ሳህኑ ላይ ይቀራል። አሸዋ ከቀረ በዋጋ አትደራደሩ፣ ተዉት። ወንፊት ትልቁን ጠጠር እንጂ ጤፍ የሚያህለውን አሸዋ አይለይም፤ እንጀራው በጥርስ መካከል ሲንቋቋ ነው የሚታወቀው።

ወፍጮ ቤት ስትወስዱ የአንድ ወሩን ብቻ አስፈጩ፤ ጤፍ እንዳለ ይቆያል፣ ዱቄት ግን ይመርራል። ከእናንተ በፊት ምን እንደተፈጨ ጠይቁ፤ በርበሬ ወይም ሽሮ ከነበረ የመጀመሪያው ዱቄት ሽታውን ይዞ ይወጣል። ዱቄቱን ከነሙቀቱ አስራችሁ አታሳድሩት። ዘርግታችሁ ካላቀዘቀዛችሁት በውስጡ ያልባል፣ ይጓጉላል።

አሁን ወደ እንጀራው። ጤፍ በኪሎ 140 ብር ቢሆን፣ ከ10 ኪሎ 300 ግራም ግርድ ቢወጣ፣ የተጣራው ኪሎ 144 ብር ገደማ ይሆናል። ወፍጮ 5 ብር ሲጨመር 149። በትልቅ ምጣድ፣ እንደ ውፍረቱ፣ ከ1 ኪሎ ዱቄት 5 ወይም 6 እንጀራ ይወጣል፤ 5.5 ብለን ብንይዝ አንዱ 27 ብር ነው። በላዩ መብራቱ አለ። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 ኪሎዋት በላይ ይስባል፣ ለመጋል ብቻ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ይወስዳል። በሳምንት ሦስት ጊዜ 10፣ 10 እንጀራ የምትጋግር ሴት ምጣዱን ሦስት ጊዜ ታግላለች፤ 30ውን በአንድ ቀን ብትጋግር አንድ ጊዜ ብቻ። ታሪፉ ፍጆታ በጨመረ ቁጥር በደረጃ ከፍ የሚል ስለሆነ የዚህ ልዩነት ወሩ መጨረሻ ላይ ይታያል። የተገዛ እንጀራን ከዚህ ጋር ስታወዳድሩ በፍሬ አትቁጠሩ፤ አምስቱን ሚዛን ላይ አድርጉ። በ3 ብር የረከሰው እንጀራ ክብደቱ በሩብ ያነሰ ሊሆን ይችላል።

ጤፍን ከሌላ እህል ጋር መቀላቀል የተለመደ ነው፣ ነውርም የለበትም። ሦስት እጅ ጤፍ ለአንድ እጅ ማሽላ ጥሩ እንጀራ ይሆናል። ሩዝ ከሩብ በላይ ሲገባ ግን ችግር ያመጣል፦ በዕለቱ ነጭና ማራኪ ይሆናል፣ በማግስቱ ይደርቃል፣ ሲጠቀለል ይሰነጠቃል። የደረቀ እንጀራ ፍርፍር ካልሆነ ይጣላል፣ የተረፈው ገንዘብም አብሮ ይጣላል። ሩዝ የገባበት ሊጥ አብሲቱ ወፈር ብሎ፣ በደንብ ተንተክትኮ መግባት አለበት።

ስለ ሚዛን አንድ ነገር። ታሽጎ ያልተከፈተ ባለ 1 ሊትር የውኃ ጠርሙስ 1 ኪሎ ከጥቂት ግራም ይመዝናል። በዘንቢላችሁ ይዛችሁ ሂዱና «እስቲ ይቺን መዝኑልኝ» በሉ። ሚዛኑ 1 ኪሎ ከ150 ካሳየ በእያንዳንዱ ኪሎ ከ100 ግራም በላይ እየጎደለባችሁ ነው። ዘይት ላይ ደግሞ ሊትርና ኪሎ ይምታታል። 1 ሊትር ዘይት 920 ግራም ገደማ ነው፤ ስለዚህ ባለ 5 ሊትር ጀሪካን ከነዕቃው ከ4.6 ኪሎ ትንሽ መብለጥ አለበት። ከዚያ ካነሰ ጎድሏል። ጉሊት ላይ በመደብ የሚሸጠውን ቲማቲምና ድንች ለሁለት ሦስት ሳምንት ቤት እያመጣችሁ መዝኑት፤ የትኛዋ ሻጭ መደቧ ሙሉ እንደሆነ፣ የማን ምራቂ እውነተኛ እንደሆነ ትለያላችሁ። ብዙ ጊዜ የጉሊት እናቶች መደብ ከሱቁ ኪሎ የተሻለ ሆኖ ይገኛል።

የት ይገዛ የሚለው በመጓጓዣው ይወሰናል። አትክልት ተራ ከፒያሳ ተነሥቶ ወደ ኃይሌ ጋርመንት ከሄደ ወዲህ ለብዙ ሰፈር ሩቅ ሆኗል። 5 ኪሎ ሽንኩርት በኪሎ 15 ብር ቢቀንስ 75፣ 3 ኪሎ ቲማቲም በ10 ብር ቢቀንስ 30፣ 5 ኪሎ ድንች በ8 ብር ቢቀንስ 40፤ በድምሩ 145 ብር። ደርሶ መልስ ታክሲና ተሸካሚ 120 ብር ከወሰደ ለ25 ብር ግማሽ ቀን ጠፋ ማለት ነው። አንድ ሰው ሄዶ ለሁለት ቤት እጥፉን ከገዛና ወጪው ያው 120 ከሆነ ግን የሁለቱ ቤት ትርፍ በድምሩ 170 ይሆናል። በየሰፈሩ የሚቆመው የእሁድ ገበያ ለአንድ ቤት ይሻላል። ለምርጫ ጠዋት፣ ለዋጋ አመሻሽ ላይ ነው የሚኬደው፤ በተለይ የበሰለ ቲማቲም ሻጩ ማሳደር ስለማይፈልግ ያወርደዋል። አመሻሽ ላይ የተገዛ ቲማቲም ግን ሌሊቱን ሳይጠብቅ ወደ ድስት መግባት አለበት። የሸማቾች ሱቅ ስኳርና ዘይት ባለው ቀን ቀዳሚ ነው፤ መቼ እንደሚገባ ሻጩን መጠየቅ ነው።

በዓልና ጾም የታወቁ ስለሆኑ አስቀድሞ መዘጋጀት ይቻላል። በ55ቱ የሁዳዴ ቀናት እንቁላልና ቅቤ ፈላጊያቸው ይቀንሳል፣ ምስርና ሽሮ ይፈለጋሉ። ስለዚህ የምስር ክኩና የሽሮ እህሉ ከጾሙ በፊት፣ እንቁላሉ ከፋሲካ ሁለት ሳምንት ቀድሞ ይገዛ። ያልታጠበና ያልተሰነጠቀ እንቁላል በቀዝቃዛ ቦታ እስከዚያ በደህና ይደርሳል። ከታጠበ ግን ቅርፊቱን የሚጠብቀው ስስ ሽፋን ስለሚለቅ ቶሎ ይበላሻል። የተጠራጠራችሁትን ውኃ ውስጥ ክተቱት፤ ከተንሳፈፈ ይጣል። የዶሮ ወጡ ሽንኩርትም በመጨረሻው ሳምንት ስለሚወደድ፣ ደረቁን መርጦ ከ10 ቀን በፊት መያዝ ነው።

ለዚህ ሁሉ የሚያስፈልገው አንድ ደብተርና ትንሽ የወጥ ቤት ሚዛን ነው። ደብተሩ ላይ አራት ነገር ይጻፍ፦ የተከፈለው፣ የተገዛው ኪሎ፣ ከተላጠና ከተጣራ በኋላ የቀረው፣ ስንት ቀን እንደቆየ። በአራተኛው ሳምንት ላይ ዓይን የሚገባው ብዙ ጊዜ የመጨረሻው ዓምድ ነው፤ ለ7 ቀን ታስቦ በ5 ቀን ያለቀው ዘይት፣ በ9 ቀን እንኳ ያላለቀው ድንች እዚያ ይታያል። ከዚያ ወር ጀምሮ ድንቹን በ2 ኪሎ ቀንሱት።