ካርዱ መቼ ነው የሚሰጠው?

ዲግሪው እጄ ላይ ነበር። ከሬጅስትራር ያወጣሁት ቴምፖራሪ ላሚኔት ተደርጎ ቁም ሳጥን ውስጥ ተቀምጧል። መሥሪያ ቤቴም ኮፒውን ተቀብሎ ፋይሌ ውስጥ ከቶታል። ታዲያ 33 ዓመት ሞልቶኝ፣ የሚስትና የልጅ ባለቤት ሆኜ፣ ጋዋን ለብሼ የሐምሌ ዝናብ ላይ የምቆመው ምን ቀረኝ ብዬ ነው?

ሰኔ 2016 ላይ የባቻችን ቴሌግራም ግሩፕ ቀን ከሌት ይጮህ ነበር። ጋዋን የት ይከራያል፣ ፎቶ አንሺ ማን ይሻላል፣ ከረባት ምን ቀለም ይሁን። እኔ ድምፁን ዘግቼ ቁጭ ብያለሁ። አልሄድም። ምክንያትም አላጣሁም።

አንደኛው ሥራ ነው። ቃሊቲ አንድ መጋዘን ውስጥ ስቶር ኪፐር ነኝ። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ይዘጋል፤ ከዚያ ቆጠራ ነው። በቆጠራ ሰሞን ፈቃድ የሚጠይቅ ስቶር ኪፐር በምን ዓይን እንደሚታይ የሠራበት ያውቀዋል። ሁለተኛው ገንዘብ። ሦስተኛው ዕድሜ። ማታ አብረውኝ ከተማሩት ግማሾቹ ከታናሽ እህቴ ያንሳሉ።

አራተኛውን ለማንም አልተናገርኩም። አራተኛው ጠላው ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የማታ ትምህርቴን የጨረስኩት በ2015 ነው። የመውጫ ፈተና በአገር ደረጃ ለሁሉም የመጀመሪያ ዲግሪ ተመራቂ መሰጠት የጀመረበት ዓመት። ከዚያ በፊት ኮርሱን ያጠናቀቀ ይመረቅ ነበር። ከዚያ ወዲህ ኮምፒውተር ፊት ተቀምጦ 50 በመቶ ያላመጣ ዲግሪ የለውም። እኔ ይሄን አውቃለሁ። እናቴ ግን አታውቅም፤ አልነገርኳትማ። ለምን? አልፋለሁ ብዬ ነዋ።

እናቴ አቃቂ ነው የምትኖረው፣ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ስትሠራ በያዘቻት የቀበሌ ቤት። «ሐምሌ ላይ እመረቃለሁ» ያልኳትን ይዛ ጌሾ ወቀጠች፣ ብቅል አስፈጨች፣ ጠነሰሰች። ጎረቤቱ ሁሉ ሰማ። ውጤቱ ተለቀቀ። 44።

በዚያ ዓመት ከተፈተነው ውስጥ ያለፈው 40 በመቶ ገደማ ብቻ ነበር። እንግዲህ የወደቅነው ብዙ ነን። ግን ይሄ ቁጥር ለእናቴ ምን ይረባታል? ጋኑ ሞልቷል። ደውዬ ስነግራት ትንሽ ዝም አለች። ከዚያ «በል እሺ፣ ሰንበቴው ይጠጣዋል» አለችኝ። ጠላው ለሰንበቴ ሄደ። ከዚያ ወዲህ አንድም ቀን አንስታብኝ አታውቅም። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልበል። የመውጫ ፈተና የሚጠብቃችሁ ልጆች፣ ለቤተሰብ ቀን ስትናገሩ «ካለፍኩ» የምትለዋን ቃል አትዋጧት። እኔ የዋጥኳት ቃል አንድ ጋን ጠላ አስከፍላኛለች።

በ2016 አጋማሽ ላይ ዳግም ተቀመጥኩ። 58። ክሊራንሴን ጨርሼ ቴምፖራሪውን ወሰድኩ። እናቴ «ተመስገን» አለች። ስለ ድግስ ትንፍሽ አላለችም። እኔም አላልኩም። የምርቃቱ በዓል ግን ያው እንደ ልማዱ ሐምሌ ላይ ነው።

ሰው ጠየቅኩ። መጋዘን ውስጥ አብሮኝ የሚሠራው የፎርክሊፍት ሹፌር ነገር አያበዛም። «ብሩን ለልጅህ ጫማ ግዛበት። ጋዋን ስለለበስክ ደመወዝህ አይጨምር» አለኝ። እውነቱን ነው። እስከ ዛሬም አልጨመረም።

ሁለተኛዋ ድሮ ቴክኒክና ሙያ አብራኝ የተማረች ልጅ ናት። በኋላ ዩኒቨርሲቲ ገብታ የ2012 ተመራቂ ነበረች። መጋቢት ላይ ኮሮና ገባ፣ ዩኒቨርሲቲዎች ተዘጉ፣ ተማሪው ሻንጣውን እየጎተተ ወደየቤቱ ተበተነ። ኋላ ተጠርታ ጨረሰች። ቤተሰቧ ግን ምርቃቷን አላየም። ስቱዲዮ ገብታ በኪራይ ጋዋን፣ መጻሕፍት የተሣሉበት መጋረጃ ከጀርባዋ ተሰቅሎ ፎቶ ተነሳች። ፎቶው ሳሎናቸው ውስጥ ከቴሌቪዥኑ በላይ አለ። «እናቴ እንግዳ በመጣ ቁጥር ታሳያለች» አለችኝ። «ካሳየች በኋላ ደግሞ ‹እኔስ አላየሁም› ትላለች። ሁሌ።»

ሦስተኛው የእናቴ ጎረቤት መሪጌታ ናቸው። ለጨዋታ ያህል ነበር የጠየቅኳቸው። «መሪጌታ፣ ወረቀቱን ከያዝኩ በዓሉ ምን ያደርግልኛል?»

ሳቁ። በወጣትነታቸው ድጓ ለማስመስከር ጋይንት፣ ቤተልሔም ድረስ በእግራቸው መሄዳቸውን አጫወቱኝ። ድጓውን እኮ ሌላ ቦታ ተምረው ጨርሰዋል። ግን ቤተልሔም ሄዶ ያላስመሰከረ፣ የድጓ መምህር ነኝ ቢል ማን ይሰማዋል? «ማወቅህን አንተ ታውቀዋለህ» አሉኝ። «ምስክሩ ግን ሌላ ሰው ነው፣ ልጄ። ለራስህ አትመሰክርም።»

ነገራቸው ደስ አለኝ። ቤቴ እስክደርስ ግን በሆዴ ተከራከርኳቸው። የቤተልሔሙ መምህር እያንዳንዷን ዜማ ከተማሪው አፍ ይሰማል። እኛ ጋ ስማችን እንኳ አይጠራም። ከፍተኛ ማዕረግ ያመጡ ጥቂት ልጆች መድረክ ይወጣሉ። የቀረነው በዲፓርትመንት «ተነሱ» ስንባል ተነስተን እንቀመጣለን። በእጅ የሚሰጥ ነገር ካለም ባዶ ፎልደር ነው። ይሄ ምኑ ነው ማስመስከር?

በሳምንቱ እናቴ ደወለች። ትሄዳለህ ወይ አላለችኝም።

«ካርዱ መቼ ነው የሚሰጠው?»

«የምን ካርድ?»

«የጥሪው ነዋ። ሁለት ነው አሉ። አንዱ የኔ ነው። አንዱን ለሚስትህ ስጥ። ለወንድምህ እኔ እነግረዋለሁ፣ አትጨነቅ።»

ክርክሩ እዚያው አለቀ። መሪጌታን የተከራከርኳቸው ምስክሩ ዩኒቨርሲቲው መስሎኝ ነው። ለካ ምስክሮቼን ይዤ የምሄደው እኔ ነኝ። ለባለቤቴ መስጠቱም ክርክር አልነበረውም። የመጨረሻዎቹን ሁለት ሴሚስተሮች የከፈልኩት በእሷ እቁብ ነው። የማታ ተማሪ በክሬዲት ሰዓት ነው የሚከፍለው፤ አንድ ኮርስ መጣል ማለት አንድ ወር አስቤዛ መጣል ማለት ነው።

ቁጭ ብለን ቁጥር ቆረጥን። 7,000 ብር። ብድር የለም፣ ድንኳን የለም፣ በግ የለም። ድግሱ እናቴ ግቢ ዶሮ፣ ዳቦና ቡና ይሆናል። የሐዋርያት ጾም ሐምሌ 5 ይፈታል፤ የእኛ ቀን ከዚያ በኋላ ስለዋለ ዶሮው አላከራከረም። ቀናችሁ ጾም ላይ ከዋለ ወጪው ራሱ ይቀንሳል፣ ይሄንንም አስቡበት። ሱፉን ከባለቤቴ ወንድም ተዋስኩ። ትከሻው ሰፋ ይላል፤ ጋዋን ይሸፍነዋል። ፈቃዱን ያገኘሁት ሁለት እሁድ በነጻ ቆጥሬ ነው።

ጋዋን ኪራይ 700፣ ማስያዣ 1,500። አዘግይቼ ሄጄ የሚሆነኝ ቁመት አልቋል። የደረሰኝ መሬት የሚጠርግ ነው። ይሄ ልብስ ከመካከለኛው ዘመን የአውሮፓ ትምህርት ቤቶች የወረደ ነው፤ እሳት በሌለበት ድንጋይ ቤት ውስጥ ካህናትና ተማሪዎች ለብርድ የሚደርቡት ነበር። ለሐምሌ ጥሩ ነበር። የእኛ ኪራይ ጋዋን ግን ፖሊስተር ነው። ብርዱን ያስገባል፣ ውሃውን ይይዛል።

እናቴ ዓርብ ማታ ኮዬ ፈጬ እኛ ጋ አደረች። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተነሳን። ዝናቡ ማታ እንደጀመረ ነው። በዚያ ሰዓት ታክሲ ስለማይታሰብ መኪና ያለውን ጎረቤት በ1,500 ብር ኮንትራት ይዘነዋል። የግቢያችን ጥበቃ በሩን ሊከፍቱ መጡ። አምስት ዓመት ሙሉ ከምሽቱ 4 ሰዓት፣ አንዳንዴ ከዚያም በኋላ፣ በር የከፈቱልኝ ሰው ናቸው። ባትሪያቸውን ከላይ እስከ ታች ጋዋኔ ላይ አበሩ።

«አሃ» አሉ። «ሲያመሻሽህ የነበረው ይሄ ነው?»

ምን መስሏቸው እንደነበር አልጠየቅኩም።

ቱሉ ዲምቱ አደባባይ ጋ ስንደርስ ጋዋን የለበሱ ሌሎች ሁለት ልጆች ጫማቸውን በፌስታል ጠቅልለው መኪና ይጠብቃሉ። ብልሆች ናቸው። እኔ ፌስታል ትዝ ያለኝ ጭቃው ውስጥ ከገባሁ በኋላ ነው።

በሩ ላይ ፍተሻ አለ። ጃንጥላ አይገባም ተባለ። የዝናብ ወር መርጦ በዓል የሚያዘጋጅ ሰው ጃንጥላ ሲከለክል ምን ይባላል? ከዚያ የእናቴ ቦርሳ ተከፈተ። ድፎ ዳቦ! በኮባ የተጋገረ፣ በነጠላ የተጠቀለለ። ሐሙስ ጋግራ ደብቃን ኖሯል፤ እዚያው ልትቆርስልኝ። «እናቴ፣ ምግብ አይገባም» አለ ፈታሹ። እናቴ አልተከራከረችም። እዚያው በሩ ላይ ቆረሰችና ለፈታሾቹ አደለቻቸው። ከኋላችን ለተሰለፉትም ደረሰ። ዳቦው አለቀ። እሷ ገባች። ጃንጥላው ግን ውጭ ቀረ፤ ስንወጣም አላገኘነውም።

ስለ በዓሉ ራሱ ብዙ የምለው የለኝም። አራት ሰዓት ያህል ተቀመጥን። ንግግር ነበር፣ ሪፖርት ነበር፣ የግንባታ ቁጥሮች ነበሩ። ቁርስ ያልበላ ሰው እዚያ መሄድ የለበትም፤ ከጎኔ የነበረች ልጅ ራሷን ልትስት ነበር። ቤተሰብ ከኋላ፣ ድንኳን ሥር ነው። ድምፅ ማጉያው ደግሞ ለእነሱ ይቆራረጣል።

ዲኑ የማርኬቲንግ ተመራቂዎችን ጠራ። እነሱ ተነሱ። ይሄኔ ከኋላ አንድ እልልታ ተነሳ። ያንን እልልታ የትም ብሰማው አውቀዋለሁ። ረጅም ነው፣ መጨረሻው ላይ ይሰበራል። እናቴ ናት። ድምፁ ተቆራርጦባት እኔ የተጠራሁ መስሏታል። ባለቤቴ ነጠላዋን ብትጎትታትም አልሰማቻትም። ከፊቴ የተነሱት የማርኬቲንግ ልጆች ዞረው የማን እናት እንደሆነች ይፈልጋሉ። እኔ ቁጭ ብዬ በቆቤ ፊቴን ሸፍኛለሁ። እየሳቅኩ ነው፣ እያለቀስኩ ነው፣ እንጃ።

ትንሽ ቆይቶ አካውንቲንግና ፋይናንስ ተባለ። ተነሳን። የቆባችንን ክር ከቀኝ ወደ ግራ አዞርን። ከኋላ ጸጥ። ድምፄ የሚወጣ ቢሆን እኔው እልል እል ነበር።

እስከ ዛሬ አልነገርኳትም። «ስትነሳ አየሁህ እኮ፣ ከሁሉ ቀድሞ እልል ያልኩት እኔ ነኝ» ብላ ለጎረቤት ስታወራ ሰምቻለሁ። እውነቷን ነው፣ ቀድማለች።

ሲያልቅ ኔትወርክ የለም። ሁሉም አንዴ ይደውላላ። እንደ እድል ሆኖ ባለቤቴ ጠዋት «ካልተገናኘን ትልቁ ጽድ ሥር» ብላ ነበር። ሌላው ሰው ሲጠፋፋ እኛ በአምስት ደቂቃ ተገናኘን። ፎቶ ከመነሳታችሁ በፊት ደግሞ በዋጋና በብዛት ተስማሙ። እኛ አምስት ፎቶ ብለን የተነሳነው እንዴት አሥራ አንድ እንደሆነ አሁንም አልገባኝም። 7,000 ያልናትም የተበሳችው እዚያ ላይ ነው።

አቃቂ ስንደርስ ግቢው በሰው ተሞልቷል። ጠላም አለ። በጀታችን ውስጥ ያልነበረ ጠላ።

«እማዬ፣ ይሄ ደግሞ ከየት መጣ?»

«ለራሴ ነው የጠነሰስኩት። አንተ ምን አገባህ?»

መሪጌታ ቆመው ረጅም ምርቃት መረቁኝ። ስሜን ሦስት ጊዜ ጠሩት። ከሽልማት ስድስት ከረባት ደረሰኝ፤ መጋዘን ውስጥ ከረባት የሚያስር ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? በፖስታ የተሰጠኝን ብር ግን ማን ስንት እንደሰጠ ባለቤቴ በደብተር ጽፋዋለች። ብድር በምድር ነው፤ የእነሱም ልጆች ይመረቃሉ።

እሁድ ጋዋኑን ላጣጥፍ ስል እናቴ ተቀበለችኝ። ራሷ ላይ አጠለቀችው። ማንበብና መጻፍ የተማረችው በ1971 በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው፣ ማታ ማታ፣ ከፋብሪካ ስትመለስ። ቆቡን በሻሿ ላይ ደፋች። «ሲከብድ!» አለች። ከዚያ ሳንይዛት ወጣች፤ ግቢውን አቋርጣ ለመሪጌታ ባለቤት ልታሳይ። ለእኔ የረዘመ ጋዋን ለእሷማ ምን ይወራል።

ሰኞ ስመልሰው አከራይዋ ጫፉን አገላብጣ አየችና ለጭቃው 200 ብር ከማስያዣው ቆረጠች። አልተከራከርኳትም። ግማሹ ጭቃ የእናቴ ነው።