ዲኤክሴና የኮሶዬ ዳገት

ከባሕር ዳር ጎንደር 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ወረታን፣ አዲስ ዘመንን፣ ማክሰኚትን አልፌ አዘዞ እስክገባ ዲኤክሴ አላስቸገረችኝም። ቶዮታ ኮሮላ ናት፤ ባለ 1300 ሲሲ፣ ቤንዚኑን ከአየር የሚቀላቅልላት ካርቡራተር ያላት። ያያት ሁሉ «አሁንም ትሄዳለች?» ይለኛል። ትሄዳለች! እኔም እወዳታለሁ።

አመሻሹን ፒያሳ ማኪያቶ ጠጥቼ አደርኩ። በማግስቱ ወደ ደባርቅ ተነሳሁ። የኮሶዬን ዳገት ስያያዘው የሙቀት መለኪያው መውጣት ጀመረ። ዳር ይዤ አቆምኩ። ከኮፈኑ ሥር እንፋሎት ቡልቅ ይላል፤ ውሃው መሬት ላይ ይንጠባጠባል። ቴስታታው፣ ማለትም የሞተሩ የላይኛው ክፍል፣ ተቃጠለ ብዬ ልቤ ተሰበረ። እስኪበርድ ጠብቄ፣ ውሃ ሞልቼ፣ ቁልቁለቱን ቀስ እያልኩ ወደ ጎንደር ተመለስኩ።

ጋራዥ ውስጥ ያገኘኋቸው መካኒክ ጠና ያሉ ሰው ናቸው። ቴስታታውን ለመፍታት አልቸኮሉም። መጀመሪያ የዘይት መለኪያውን መዘው አዩ፤ ዘይቱ ውሃ ገብቶት ወተት አልመሰለም። ሞተሩን አስነስተው ራዲያተሩ ውስጥ አረፋ ፈለጉ፤ የለም። ከዚያ የራዲያተሩን ክዳን ገልብጠው ላስቲኩን በአውራ ጣታቸው ጫን አደረጉት። ድርቅ ብሎ ዙሪያውን ተሰነጣጥቋል።

«አየሽ ልጄ፣ ሞተርሽ ጤነኛ ነው። ግፊቱን የሚይዝልሽ ነው ያለቀው» አሉኝ።

«ታዲያ ባሕር ዳር ምነው ዝም አለች ጋሼ?»

«እዚያ ሜዳ ነዋ!»

እውነታቸውን ነው። ከፍ ባልን ቁጥር ውሃ ቶሎ ይፈላል። ባሕር ጠለል ላይ 100 ዲግሪ የሚፈላው ውሃ፣ ኮሶዬ አካባቢ ወደ 90 ሲጠጋ ይንተከተካል። ክዳኑ ግፊት ሲይዝ ነው ውሃው ሳይፈላ የሚቆየው። ላስቲኩ ካለቀ ዳገቱ ላይ ገንፍሎ ይወጣል።

ክዳኑን ቀየሩልኝ። ቤንዚኑን በእሳት ብልጭታ የሚያቀጣጥሉት ካንዴላዎችም ጥላሸት ይዘው ነበርና ጠራርገው፣ ካርቡራተሩን ለከፍታው አስተካከሉልኝ። መለዋወጫው እዚያው ሰፈር ተገኘ። ዲኤክስን የምወድላት ለዚህ ነው፤ ስትታመም ታስታውቃለች፣ መድኃኒቷም አይጠፋም። ቴስታታ ሳይፈቱ ክዳን የሚገለብጡ መካኒክ ማግኘት ደግሞ መታደል ነው።

በነጋታው ያንኑ ዳገት ወጣሁት። መለኪያው መሐል ላይ ቆሞ ቀረ። ደባርቅ ደርሼ፣ ሞተሩ ከበረደ በኋላ ክዳኑን ከፍቼ አየሁ። ውሃው አልጎደለም።