የሱፐርቻርጀሩ ፑሊ ወይስ የክራንኩ? ከጅማ የልምድ ማካፈያ

ባለፈው ስለ ሱፐርቻርጀር (በሞተሩ ጉልበት እየዞረ ተጨማሪ አየር ወደ ሞተሩ ስለሚገፋው መሣሪያ) መማር መጀመሬን ስነግራችሁ አብዛኞቻችሁ የጠየቃችሁኝ አንድ ነገር ነው። ፑሊ (ቺንጋ የሚዞርበትን ክብ ብረት) የምትቀይር ከሆነ የትኛውን ትቀይራለህ? ሱፐርቻርጀሩ ላይ ያለውን ትንሹን ወይስ ክራንክሻፍቱ (ፒስተኖቹ የሚያዞሩት የሞተሩ ዋና ዘንግ) ላይ ያለውን ትልቁን? ለእኔ መኪና መልሱን አግኝቻለሁ፤ የክራንኩን ነው። ግን ንዝረት የሚውጠው ጎማ ያለበት ፑሊ ካልተገኘ ምንም አልቀይርም። እዚህ ውሳኔ ላይ እንዴት እንደደረስኩ ልንገራችሁ።

መኪናዬ የድሮው መርሴዲስ ሲ 230 ኮምፕረሶር ነው። 2.3 ሊትር፣ አራት ሲሊንደር፣ ኤም 111 የሚባለው ሞተር። ሱፐርቻርጀሩ የኢተን ኤም 62 ነው። ሩትስ ከሚባለው ዓይነት ስለሆነ በዞረ ቁጥር የተወሰነ መጠን ያለው አየር ወደ ሞተሩ ይገፋል። ስለዚህ ብዙ አየር ከፈለግን በፍጥነት እንዲዞር ማድረግ አለብን። ክራንኩ ሱፐርቻርጀሩን የሚያዞረው በቺንጋ ስለሆነ ፍጥነቱን የሚወስነው የሁለቱ ፑሊዎች የስፋት ጥምርታ ነው። ብስክሌት የነዳ ሰው ይሄ አይጠፋውም። ፔዳሉ ጋ ያለውን ጥርስ ብታሳድግም፣ የኋላ ጎማው ላይ ያለውን ብታሳንስም ጎማው በፍጥነት ይዞራል።

ለስሌት እንዲመች የክራንኩ ፑሊ 140 ሚሊ ሜትር፣ የሱፐርቻርጀሩ 70 ነው እንበል። ሞተሩ በደቂቃ 6,000 ሲዞር ሱፐርቻርጀሩ 12,000 ይዞራል። ትንሹን በ10 በመቶ አሳንሰን 63 ብናደርገው ወደ 13,300 ይወጣል። ትልቁን በ10 በመቶ አሳድገን 154 ብናደርገው 13,200 ይሆናል። በቁጥር ያው ናቸው ማለት ይቻላል። ልዩነቱ ያለው ቁጥሩ ላይ ሳይሆን ቺንጋው ላይ ነው።

ቺንጋው ትንሹን ፑሊ ግማሹን ያቅፈዋል ብንል፣ 70 ሚሊ ሜትር ስፋት ባለው ላይ የሚነካው ርዝመት 110 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። 63 ላይ ግን ወደ 99 ይወርዳል። መያዣው አነሰ፤ ሥራው ግን በዛ። ሱፐርቻርጀሩ ብዙ አየር ሲገፋ ለማዞር የሚጠይቀው ጉልበት ይጨምራል፤ ፑሊው ደግሞ ስላነሰ ቺንጋው በበለጠ ኃይል መጎተት አለበት። ስለዚህ ይንሸራተታል። ተንሸራተተ ማለት የከፈልክበት አየር የለም ማለት ነው። ላጥብቀው ካልክ ደግሞ ጭነቱ የሚያርፈው ኩሽኔታው (ቤሪንጉ) ላይ ነው። ቺንጋችሁ ይንሸራተት እንደሆነ ለማወቅ ሞተሩን አጥፉና የውስጥ ጎኑን በጣት ዳብሱት። መስመሮቹ እንደ መስታወት ካብለጨለጩና በዙሪያው ጥቁር ዱቄት ካለ ሲንሸራተት ቆይቷል።

በዚህ በኩል የክራንኩን ፑሊ ማሳደግ ይሻላል። ትንሹ እንዳለ ስለሚቆይ ቺንጋው የሚይዘው ቦታ አይቀንስም። በዚያ ላይ የእኔ መኪና የራሱ ጣጣ አለው። በመጀመሪያዎቹ 2.3 ኮምፕረሶሮች ላይ ሱፐርቻርጀሩ እንደ ኤሲ ኮምፕረሰር የማግኔት ፍሪሲዮን አለው። ቀስ ብለህ ስትነዳ ይለቀዋል፣ ነዳጅ ስትረግጥ ይይዘዋል። ፑሊው የፍሪሲዮኑ አካል ነው፤ ኩሽኔታውም የማግኔቱ ጥቅል ሽቦም ውስጡ ነው ያለው። ነቅለህ በትንሽ የምትተካው ነገር አይደለም። ከ2000 እ.ኤ.አ. ወዲህ የመጡት ማግኔት ስለሌላቸው የእነሱ ባለቤቶች ምርጫ አላቸው። ከ2002 እስከ 2006 እ.ኤ.አ. የተሠራ ሚኒ ኩፐር ኤስ ያላችሁ ደግሞ ሌላ ዓለም ውስጥ ናችሁ። እዚያ በብዛት የሚደረገው የሱፐርቻርጀሩን ፑሊ በ15 በመቶ ማሳነስ ነው። ብቻ የውሃ ፓምፑም ከሱፐርቻርጀሩ ጋር ተያይዞ እንደሚዞር አትርሱ፤ አንዱን ስታፈጥኑ ሌላውም ይፈጥናል።

የክራንኩ ፑሊ ግን ሁለት ችግሮች አሉት። የመጀመሪያው፣ አንድ ቺንጋ ሁሉንም የሚያዞር ከሆነ ሱፐርቻርጀሩ ብቻ አይደለም የሚፈጥነው። ዲናሞው፣ የውሃ ፓምፑ፣ የመሪው ፓምፕ፣ ኤሲው፣ ሁሉም በ10 በመቶ ይፈጥናሉ። እስከ 10 በመቶ ያለውን እቀበለዋለሁ፤ ከዚያ በላይ አልፈልግም።

ሁለተኛው ነው እንቅልፍ የነሳኝ። ለብዙ ሰው የክራንክ ፑሊ ተራ ብረት ይመስለዋል። በብዙ ሞተር ላይ ግን ሁለት ክፍል ነው። መሃሉ ክራንክሻፍቱ ላይ በቡሎን ይታሰራል፣ የውጩ ቀለበት ቺንጋውን ይይዛል፣ በሁለቱ መካከል ጎማ አለ። ነዳጁ ሲሊንደር ውስጥ በተቀጣጠለ ቁጥር ክራንክሻፍቱ በጣም በጥቂቱ ይጠመዘዝና ይመለሳል። ይህ መጠማዘዝ ከብረቱ የተፈጥሮ ንዝረት ጋር የገጠመ ዕለት እያደገ ይሄዳል። ጎማውና የውጩ ቀለበት ያንን ንዝረት ይውጡታል። አጭር ክራንክ ስላላቸው አራት ሲሊንደሮች ከስድስቶቹ ይሻላሉ፤ ያም ሆኖ ፋብሪካው ያንን ጎማ ለጌጥ አላስገባውም።

ቶርኖ ቤት ወስዶ ከአሉሚኒየም አንድ ወጥ ፑሊ ማስጠረብ እዚህ ከተማችን ውስጥ ይቻላል። ዋጋውም ከውጭ ከሚመጣው ጋር አይገናኝም። ሐሳቡን መርካቶ ያሉትና ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው መካኒክ ጋ ይዤ ሄድኩ። የእኔን ፑሊ በባትሪ እያበሩ ዙሪያውን ሲያዩ ቆዩና፣ «ስማ ልጄ፣ ፑሊው ርካሽ ነው። ክራንኩ ሲሰበር ግን ሞተር ነው የምትገዛው» አሉኝ። ቀጥለው ነጭ ቀለም አመጡ። ከመሃሉ ብረት ጀምረው ጎማውን አቋርጠው እስከ ውጩ ቀለበት አንድ ቀጭን ቀጥ ያለ መስመር አሰመሩበት። «ንዳው፣ ከዚያ ተመልሰህ ና።» ስመለስ መስመሩ ቀጥ እንዳለ ነበር። ውስጠኛው ክፍል ከውጩ ጋር ባይገጥም ኖሮ ጎማው ለቋል ማለት ነው፤ ያን ጊዜ ስለ ማሳደግ ሳይሆን ስለ መተካት ነበር የምናወራው። ማንኛችሁም ከፑሊ ግዢ በፊት ይህን አድርጉ። የሚጠይቀው አንድ ጠብታ ቀለም ነው።

አሁን ወደ አየሩ ልምጣ፤ እዚህ ላይ የጅማ ሰው ከሌላው የተለየ ስሌት አለው። ከተማችን ከባህር ወለል በላይ ከ1,700 ሜትር ከፍ ብላ ነው ያለችው። እዚህ ያለው የአየር ግፊት ባህር ዳርቻ ካለው 81 በመቶ ገደማ ነው። ሱፐርቻርጀሩ የሚሠራው ያገኘውን አየር በማባዛት ነው። ባህር ዳርቻ ላይ 1.6 ጊዜ አባዝቶ ጌጁ (ከውጩ አየር በላይ ያለውን ግፊት ብቻ የሚያሳየው መለኪያ) 0.6 ባር ቢያሳይ፣ ጅማ ላይ በዚያው ማባዣ ጌጁ የሚያሳየው 0.49 አካባቢ ነው። ሱፐርቻርጀሩ አልደከመም፤ የሚያባዛው ነው ያነሰው። ስለዚህ እዚህ ፑሊ ማሳደግ በከፊል ከፍታው የወሰደብንን ማስመለስ ነው። ሐሳቡን የወደድኩትም ለዚህ ነው።

ነገር ግን በነፃ አይመለስም። አየር ሲጨመቅ ይሞቃል። የሱፐርቻርጀሩን ውጤታማነት 55 በመቶ ብንወስድ፣ በ25 ዲግሪ የገባ አየር 1.6 ጊዜ ሲጨመቅ 100 ዲግሪ ገደማ ሆኖ ይወጣል። ማባዣው 1.8 ሲሆን ከ120 ያልፋል። ሩትስ ደግሞ በፈጠነ ቁጥር ውጤታማነቱ ይወርዳል። ኢንተርኩለሩ (ለተጨመቀው አየር የተሠራው ማቀዝቀዣ) ቢያቀዘቅዘውም ሁሉንም አይደለም። የሞቀ አየር ነዳጁን ካንዴላው ሳይለኩሰው በራሱ እንዲፈነዳ ይገፋፋል፤ ፒስተን የሚበላው ይሄ ነው። ማደያችን ላይ ደግሞ ኦክቴን (ነዳጁ በራሱ እንዳይፈነዳ የሚቋቋምበትን ደረጃ) አማርጠህ አትቀዳም፤ ቤንዚን ቤንዚን ነው።

በዚህ ላይ የአዲስ አበባ መንገድ አለ። ከአሰንዳቦና ከሰኮሩ አልፈህ ጊቤ ስትወርድ ከፍታው ወደ 1,100 ሜትር ገደማ ይወርዳል። የአየሩ ግፊት ከጅማው በ8 በመቶ ገደማ ይበልጣል፤ ሙቀቱም ሌላ ነው። ከዚያ ወዲያው ረጅሙ ዳገት ወደ ወልቂጤ ይጀምራል። ነዳጅ እረግጣለሁ፣ ሱፐርቻርጀሩ ይይዛል፣ ሞተሩ የሚጨነቀው እዚያ ነው። ለጅማ ልክ የሆነ ፑሊ ጊቤ ላይ ሊበዛ ይችላል። ስለዚህ የፑሊውን መጠን የምመርጠው ለጊቤ ነው፤ ጅማ ላይ ትንሽ ቢቀርብኝም ግድ የለኝም።

ስለዚህ የወሰንኩት ይህንን ነው። የክራንክ ፑሊ፣ ከ10 በመቶ ያልበለጠ፣ ንዝረት የሚውጠው ጎማ ያለበት፣ ለዚሁ ሞተር ተብሎ የተሠራ። ክራንኩ ስላደገ ቺንጋው ረዘም ይላል። ካንዴላ አንድ ደረጃ ቀዝቃዛ፣ ማለትም ሙቀቱን ቶሎ የሚያስወጣ ይሆናል። ፑሊው ከመምጣቱ በፊት የነዳጅ ፊልትሩን እቀይራለሁ፣ ኖዝሎቹን አስጸዳለሁ። አየር ጨምሮ ነዳጅ ካላደረሰ ቃጠሎው ይሳሳል፤ የሳሳ ቃጠሎ ደግሞ ከሁሉም የከፋ ሙቀት ነው።

ሙከራውን ጅሬን ዳገት ላይ እጀምራለሁ። ከአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት በታች ያለው አቀበት አጭር ቢሆንም ሞተሩን በደንብ ይጭነዋል፤ ከቤቴም ቅርብ ነው። የገቢ አየር ሙቀትና የማቀጣጠያ ሰዓቱን ሞተሩ ራሱን ከዚያ ፍንዳታ ለመጠበቅ ምን ያህል ወደ ኋላ እንደሚጎትት መመርመሪያ መሣሪያ ሰክቼ አነባለሁ። በዚያው ፍጥነት፣ በዚያው ማርሽ፣ አሁን ባለው ፑሊ የሚመጣውን ቁጥር ቀድሜ እመዘግባለሁ። ያ ካልተመዘገበ በኋላ የምናወራው ሁሉ ስሜት ብቻ ይሆናል። ጊቤ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ከእናንተ የምፈልገው አንድ ነገር ነው። ይህንኑ ሞተር ይዞ የክራንኩን ፑሊ የቀየረ ሰው ካለ የገጠመውን ቺንጋ ርዝመት ይጻፍልኝ። የአዲስ አበባ መለዋወጫ ሱቆች መጠኑን ከነገርኳቸው እንልካለን ብለዋል።